የነጥብ ልክና የፊደል ልክ

ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚያደርሰው መንገድ፥ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል መውረድ ሳይጀምር፥ በአፋፉ ላይ ለሚን ያገኛል። ለሚ የእንሳሮ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ በአንድ ወገኗ የጤፍና የስንዴ ማሳ የተዘረጋበት ሜዳ፥ በሌላው ወገኗ ደግሞ የጭላዳና የአሞራ ማደሪያ የሆነው ገደል ይዋሰኗታል። በዚህች ከተማ ውስጥ ማመልከቻ፥ ውልና ኑዛዜ በኮምፒዩተር እየጻፈች የምትተዳደር አንዲት እኅት አለች። የምተርከው ታሪክ በርሷ ጠረጴዛ ላይ የሚፈጸም ቢሆንም፥ ጥንተ ነገሩ እጅግ የራቀ ስለ ሆነ፥ ከብራናው ዘመን መነሣት ግድ ሆነብኝ። ነገሩም ይህ ነው፤ አንድ ፊደል በገጽ ላይ ሲቆም ምን ያህል ይግዘፍ፥ ምን ያህልስ ይድቀቅ? ይህንንስ ሊወስን የሚገባው የአንባቢው ዐይን ነውን ወይስ የመጻፊያው መሣሪያ?

የቀድሞው ቁም ጸሐፊ ይህን ጥያቄ በወስፌው ይመልሰው ነበር። ብራናው ተወጥሮ፥ ተፍቆና ደርቆ ከተዘጋጀ በኋላ፥ ጸሐፊው በግራና በቀኝ ኅዳጉ ላይ በእኩል ርቀት በወስፌ እየነጠበ ንኡሳን ቀዳዳዎችን ያበጃል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም የሌለው መስመር አስምሮ ፊደላቱን በዚያ መስመር ልክ ያቆማቸዋል። መጽሐፉ በማኅበር ፊት በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ የሚነበብ እንደ ሆነ ነጥቦቹን ያራርቃቸዋል፤ መንገደኛ በማኅደር አንግቶት የሚሄድ ዳዊት እንደ ሆነ ደግሞ ያቀራርባቸዋል። ስለዚህ ነጥብ በመጀመሪያ የፊደል ሎሌ ነበር፤ ፊደልም ለአንባቢው ዐይን ያድር ነበር። ይህን ሥርዐት አንባቢ በልቡናው ያኑርልኝ፤ ወደ ፊት የሚተረከው መከራ ሁሉ የመጣው ይህ ሥርዐት ተገልብጦ ፊደል ለነጥብ ባደረ ጊዜ ነውና።

በ1513 እ.ኤ.አ. የኮሎኝ ሰው የነበረው ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በማተሚያ አሳተመ፤ ይህም በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆነ። ከዚያም በ1548ና በ1549 እ.ኤ.አ. ከለሚ እምብዛም ከማይርቀው ከደብረ ሊባኖስ የወጡት አባ ተስፋ ጽዮን፥ በዚያችው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ለማተም በቁ። ከጀማ ማዶና ማዶ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ሊኮራ ይገባዋል እላለሁ፤ ፊደላችንን ወደ ብረትና ወደ እርሳስ ካሻገሩት እጆች አንደኛው የጎረቤት እጅ ነበርና። የእርሳስ ፊደል በእጅ የሚዳሰስ ግዘፍ ስላለው፥ ከሮም ወደ ሌላ ከተማ ቢወሰድ፥ ከአንዱ ማተሚያ ወደ ሌላው ቢዛወር፥ ቁመቱ አይለወጥም። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ሲቋቋምም ሥርዐቱ ይኸው ነበር፤ ፊደል ለቃሚው ከሣጥኑ ያነሣው ፊደል ሁሉ ልኩን በገዛ አካሉ ይዞት ይመጣ ነበር።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ጭንቅ ተከሠተ። ለ26 የላቲን ፊደላት የተበጀ መሣሪያ፥ 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ተባዝተው 231 የሚሆኑበትን፥ ዲቃሎቹም ሲጨመሩ ከዚያ የሚያልፈውን ሠራዊት እንዴት ይሸከም? ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ብልሃተኞች ያገኙት መፍትሔ የፊደሉን አካልና የድምፁን ምልክት ለያይቶ፥ አስቀድሞ አካሉን፥ ቀጥሎ ምልክቱን በላዩ ማሳረፍ ነበር። በዚህም መልክ የተጻፈው ፊደል ከቁም ጽሕፈት ውበት ብዙ የጎደለው ቢሆንም፥ የመኪናው ብረት አንድ ልክ ብቻ ስለሚያውቅ በቁመቱ ላይ ክርክር አልተነሣም። አካልንና ምልክትን የመለያየት ዘዴ ግን በኋላ በኮምፒዩተሩ ዘመን ዳግመኛ እናገኘዋለን።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት እነ ፍሥሐ አጥላውና እነ ዶክተር አበራ ሞላ ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ በየፊናቸው ደከሙ። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ለአንድ የፊደል ስብስብ የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ የላቲኑን ፊደል፥ አኃዙንና የማሽኑን ውስጣዊ ትእዛዛት ስናነሣ የሚተርፈው ለእኛ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ከፋፍሎ በሁለትና በሦስት ፎንት አስቀመጠው፤ አንዳንዱም እንደ ጽሕፈት መኪናው አካሉንና ምልክቱን ለያየ። ሁለተኛው ጠባብነት ግን ከዚህ ይብስ ነበር፤ እርሱም የኮምፒዩተሩ መስታወት፥ የስክሪኑ፥ ጠባብነት ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪጂኤ የተባለው የምስል ሥርዐት በአግድም 640፥ በቁም 480 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። ኮምፒዩተር ፊደልን እንደ ብርዕ ስቦ አይጽፍም፤ ጥቁርና ነጭ ነጥቦችን እየደረደረ ያስመስለዋል እንጂ። ስለዚህ ነጥቡ ሲያንስ ፊደሉ መልኩን ያጣል።

እስቲ የፊደላችንን ጠባይ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። «ሐ» ሦስት እግሮች አሉት፤ ሦስቱን እግሮችና በመካከላቸው ያሉትን ሁለት ባዶ ቦታዎች ለማሳየት በአግድም ቢያንስ 5 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ካዕቡን «ሑ»ን ለማድረግ በጎኑ፥ ሣልሱን «ሒ»ን ለማድረግ በእግሩ፥ ኃምሱን «ሔ»ን ለማድረግ ደግሞ በእግሩ ላይ ቀለበት መጨመር ይገባል። የላቲን ፊደል አንድ ነጥብ ቢጎድልበት አንባቢው ከቃሉ መልክ ገምቶ ያልፈዋል፤ የእኛ ፊደል ግን አንድ ነጥብ ሲዛነፍበት ባለቤቱ ይለወጣል። «ቤቱ» የሌላ ሰው፥ «ቤቴ» የራሴ ነው፤ «ልጁ» የእርሱ፥ «ልጄ» የእኔ ነው። በእነዚህ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት በደቃቅ ጽሕፈት ላይ ከሁለትና ከሦስት ነጥብ አያልፍም።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ደርሰናል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ በአንድ ኢንች 72 ነጥብ እንዲኖር አድርጎ መስታወቱን ሠራ፤ አታሚዎች የፊደልን ቁመት የሚለኩበት ፖይንት የተባለው መስፈርትም የአንድ ኢንች 72ኛ እጅ ስለ ሆነ፥ አንድ ፖይንት ከአንድ ነጥብ ጋር ልክ ለልክ ገጠመ። የማይክሮሶፍት ሰዎች ደግሞ ሰው ከወረቀት ይልቅ ከኮምፒዩተር መስታወት ራቅ ብሎ እንደሚቀመጥ፥ በዚያ ልክ የተሠራ ደቃቅ ፊደልም እንደማይነበብ ስላዩ፥ ቁጥሩን በሲሶ ከፍ አድርገው 96 አሉት። መስታወቱ በእውነት 96 ነጥብ ይኑረው አይኑረው ሳይለካ፥ ዊንዶውስ 96 እንዳለው አድርጎ ይቈጥር ጀመር። በዚህ ስሌት 10 ፖይንት የሆነ ፊደል 13 ነጥብ ቁመት ያገኛል። ይህ 96 የተባለ ቁጥር ለጊዜው የተመረጠ ግምት ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ሺህ ፕሮግራሞች ውስጥ እንደ ቀኖና ተጻፈ።

በ1995 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 95 ወጣ፤ በዚያም ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፓወር ግዕዝ፥ ቪዥዋል ግዕዝና እነርሱን የመሰሉት ፕሮግራሞች ወደ አገራችን ጽሕፈት ቤቶች ገቡ። እነዚህን ፕሮግራሞች ለሠሩት ሰዎች ያለኝን ምስጋና ሳልገልጥ ማለፍ አልወድም፤ ፍርድ ቤቱ፥ ማዘጋጃ ቤቱና ትምህርት ቤቱ በገዛ ቋንቋው በኮምፒዩተር የጻፈው እነርሱ በቀደዱት መንገድ ነውና። የዘመኑ ፕሮግራም አድራጊዎች ግን በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ፥ መስኮቱን፥ ቁልፉንና ሥዕሉን ሁሉ በነጥብ እየቈጠሩ ነበር የሚሠሩት። ቪዥዋል ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚለካው የአንድ ኢንች 1440ኛ እጅ በሆነው በትዊፕ ነበር፤ 1440 ለ96 ሲካፈል 15 ስለሚሆን፥ ብዙው ሰው «አንድ ነጥብ 15 ትዊፕ ነው» ብሎ በፕሮግራሙ ውስጥ ቈርጦ ጻፈው። ዊንዶውስ 95 ራሱ ግን ዐይኑ ለደከመ ሰው በኢንች 120 ነጥብ የሚቈጥር «ትልቅ ፊደል» የተባለ ምርጫ ነበረው፤ ያን የመረጠ ሰው 1440 ለ120 ሲካፈል 12 መሆኑን በተግባር አየው፤ ጽሑፉ ከሣጥኑ ወጥቶ ተቈረጠ፥ ቁልፎቹም እርስ በርሳቸው ተደራረቡ። ይህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ነገር ግን ምርጫውን የሚነካው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ማንም አላደመጠውም።

በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ በ2005 እ.ኤ.አ.ም ሌሎች ተጨመሩላቸው። ከዚህ በፊት የነበረው ፎንት «ሀ»ን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ያስቀምጠው ስለ ነበር፥ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የተከፈተ ደብዳቤ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ዩኒኮድ ይህን ችግር ፈታው። የፊደሉን ማንነት ሲያጸና ግን ቁመቱን አልነካም፤ አስቀድሞ በአሮጌው ሥርዐት የተጻፈውንም መዝገብ ወደ አዲሱ አላሻገረውም። ስለዚህ በየወረዳው ያለ ጸሐፊ የ1990ዎቹን ዓ.ም. ፋይል ለማንበብ አሮጌውን ፕሮግራም ማቆየት ነበረበት። በውጭ አገር አንድ ፕሮግራም ሲያረጅ ጥለውት ሌላ ይገዛሉ ይባላል፤ በእኛ አገር ግን አሮጌው ፕሮግራም የመዝገብ ቤት ቁልፍ ስለ ሆነ፥ እርሱን መጣል መዝገቡን ቈልፎ ቁልፉን ወደ ጀማ እንደ መወርወር ነው።

በመካከሉ መስታወቱ ራሱ ተለወጠ። ድንቡሼው የብርጭቆ ስክሪን ሄዶ ጠፍጣፋው ኤልሲዲ ሲመጣ፥ ነጥቦቹ በፋብሪካ የተተከሉና የማይነቃነቁ ሆኑ። በአሮጌው ስክሪን ሪዞሉሽኑን፥ ማለትም የነጥቡን ብዛት፥ ዝቅ ማድረግ ፊደሉን ያገዝፈው ነበር እንጂ ያን ያህል አያበላሸውም፤ በኤልሲዲ ላይ ግን ያው ድርጊት አንዱን ነጥብ ለአንድ ነጥብ ተኩል ስለሚያካፍለው፥ ጽሑፉ ሁሉ ውሃ እንደ ነካው ቀለም ይፈሳል። ይሁን እንጂ ሰው የለመደውን ስለማይተው፥ ፊደል ደቀቀብኝ ያለ ሁሉ ሪዞሉሽን ዝቅ ማድረጉን ቀጠለ። በየጽሕፈት ቤቱ ባየሁት ጊዜ ሁሉ ልቤን ያሳዘነው ይህ መድኀኒት ነው፤ በሽታው በአንድ ፕሮግራም ላይ ሳለ መላውን ስክሪን ያሳምማልና።

ዊንዶውስ ቪስታ በጥር 1999 ዓ.ም.፥ እኛ አዲሱን ሺህ ዓመት ለመቀበል በምንሰናዳበት ዓመት፥ ለሕዝብ ተሸጠ። ስለ ሁለት ነገር በእኛ ታሪክ ውስጥ ይታሰባል። የመጀመሪያው፥ በደጋ አጋዘናችን ስም ኒያላ የተባለውን የኢትዮጵያ ፎንት ይዞ መምጣቱ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎንት ለብቻው ያልተጫነበት ኮምፒዩተርም አማርኛን ሊያሳይ ቻለ። ሁለተኛው፥ በአሮጌው ፕሮግራምና በአዲሱ ስክሪን መካከል አስታራቂ ማቆሙ ነው። ቪስታ እያንዳንዱን ፕሮግራም «ስለ ነጥብ ልክ ታውቃለህን?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ፕሮግራሙም የሚመልሰው ማኒፌስት በተባለ የመታወቂያ ወረቀቱ ነው። «አውቃለሁ» ያለውን በራሱ እንዲሥል ይተወዋል፤ ዝም ያለውን ግን «ስክሪኑ 96 ነው» ብሎ ያታልለዋል፤ እርሱም በለመደው 96 ሥሎ ሲያበቃ፥ ዊንዶውስ የተሣለውን ገጽ እንደ ፎቶግራፍ ወስዶ ወደሚፈለገው መጠን ይለጥጠዋል። በዚህ ዘዴ ቁልፍ አይቈረጥም፥ ጽሑፍም ከሣጥኑ አይወጣም፤ ነገር ግን የተለጠጠ ፎቶግራፍ ፊደል አይደለም። 100 በመቶ የነበረው ወደ 150 በመቶ ሲለጠጥ ሁለቱ ነጥብ ሦስት መሆን ስላለበት፥ መካከለኛው ነጥብ ጥቁርም ነጭም ሳይሆን አመዳም ሆኖ ይቀራል። በላቲን ፊደል ላይ ይህ ለዐይን የማይመች ብዥታ ነው፤ በ«ቱ»ና በ«ቴ» መካከል ሲወድቅ ግን ባለቤትን ያለዋውጣል።

በ2010 እ.ኤ.አ. አይፎን 4 በኢንች 326 ነጥብ፥ በ2012 እ.ኤ.አ. ማክቡክ ፕሮ በኢንች 220 ነጥብ ይዘው ሲመጡ፥ የጠራ ስክሪን የሁሉም ምኞት ሆነ። ላፕቶፕ ሠሪዎችም ተሽቀዳደሙ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 8.1 አንድ ኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ስክሪኖች ሊኖሩት እንደሚችል ተቀብሎ ለየስክሪኑ የየራሱን ልክ ፈቀደ። ለአዲስ ፕሮግራም አድራጊም ትክክለኛው ሥርዐት ተብራራለት፤ የፊደልን ቁመት በፖይንት ያዝ፤ ከስክሪኑ የኢንች ነጥብ ጋር አባዛው፤ ለ72 አካፍለው። በዚህ ስሌት 10 ፖይንት የሆነው ፊደል በ96 ላይ 13፥ በ144 ላይ 20፥ በ192 ላይ 27 ነጥብ ይሆናል፤ ለዐይን ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። ይህ የቁም ጸሐፊው ወስፌ በአኃዝ ተተርጕሞ መመለሱ ነው፤ ፊደሉ ልኩን ይዞ ይቆማል፥ ነጥቡ ቁጥሩን እየለወጠ ያገለግለዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተሰጠው ገና ለሚጻፈው ፕሮግራም ነበር። ጸሐፊው የተወው፥ ኮዱም የጠፋ አሮጌ ፕሮግራም በማን ይታደስ?

የለሚዋ ጸሐፊ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የገባችው በ2008 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ትጽፍበት የነበረው ላፕቶፕ 15.6 ኢንች ሆኖ በአግድም 1366፥ በቁም 768 ነጥብ ነበረው፤ ይህም በኢንች ወደ 100 ስለሚጠጋ ከአሮጌው የ96 ግምት ጋር ሳይጣላ ኖረ። በዚያ ዓመት ወንድሟ ከውጭ አገር አዲስ ላፕቶፕ ላከላት፤ 13.3 ኢንች፥ 1920 በ1080 ነጥብ፥ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት። የኢንቹ ነጥብ 166 ገደማ ነው። ደንበኞቿ የሰጧት የ15 ዓመት ፋይል በአሮጌ የአማርኛ ፕሮግራም ስለ ተጻፈ፥ ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ላፕቶፕ አሻገረችው። ዊንዶውስ ለዚህ ስክሪን የመረጠው ልክ 150 በመቶ ስለ ነበረ የፕሮግራሙ ገጽ ተለጥጦ ደበዘዘባት። ወደ 100 ስታወርደው ብዥታው ጠፋ፤ ነገር ግን 3.3 ሚሊ ሜትር ይቆም የነበረው ባለ 13 ነጥብ ፊደል 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ደቀቀ። በመጨረሻ ሌላው ሁሉ የሚያደርገውን አድርጋ ሪዞሉሽኑን ወደ 1366 በ768 ዝቅ አደረገችው፤ ከዚያም ወዲያ ሁለት ዓመት ያህል በጠራ ስክሪን ላይ በጭጋግ ውስጥ ጻፈች። ዐይኗ እየደማመነ ራስ ምታት ቢይዛት፥ ጥፋቱ የዕድሜዋ መስሏት መነጽር ገዛች።

በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግን መድኀኒቱ በሌላ ስፍራ እየተቀመመ ነበር። አስቀድሞ ብልሃተኞች አንድ ዘዴ አግኝተው ነበር፤ አሮጌው ፕሮግራም ያልያዘውን ማኒፌስት በውጭ ጽፎ ከጎኑ ማስቀመጥና፥ ዊንዶውስ ያን የውጭውን እንዲያምን ሬጅስትሪ በተባለው የውስጥ መዝገቡ ማዘዝ። ይህ ዘዴ ይሠራል፤ ሬጅስትሪን መነካካት ግን ላልለመደው ሰው አደገኛ ስለ ሆነ ለማንም አልመክረውም። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 እድሳት ግን ይበልጥ ብልህ የሆነ ነገር አመጣ። ብዙዎቹ አሮጌ ፕሮግራሞች ፊደላቸውን የሚሥሉት ጂዲአይ በተባለው በዊንዶውስ ጥንታዊ የሥዕል ክፍል በኩል ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ነጥቦቹን በራሱ ከመደርደር ይልቅ፥ «በዚህ ስፍራ፥ በዚህ ፎንት፥ ይህን ፊደል ሣልልኝ» ብሎ ትእዛዝ ይሰጣል ማለት ነው። አዲሱ ዘዴ ትእዛዙን በመንገድ ላይ ተቀብሎ፥ ፎቶግራፉን ከመለጠጥ ይልቅ ፊደሉን ከፎንቱ ንድፍ ላይ እንደ ገና አግዝፎ ይሥለዋል። ፕሮግራሙ አሁንም 96 እንደ ሆነ ያምናል፤ ፊደሉ ግን ጠርቶ ይወጣል። በነጥብ ብቻ የተሠሩት ትንንሽ ሥዕሎች ከቀድሞ ብዥታቸው አይድኑም፤ በሌላ የሥዕል ክፍል የሚሠሩ ፕሮግራሞችም ከዚህ ጸጋ ተካፋይ አይሆኑም። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የወጣው እድሳት ደግሞ የደበዘዙ ፕሮግራሞችን ዊንዶውስ በራሱ ለማስተካከል እንዲሞክር የሚያዝዝ ምርጫ ጨመረ።

እኔ ወደ ለሚ የሄድሁት ያው 2010 ዓ.ም. ሊፈጸም ሲቃረብ፥ በክረምቱ ወራት ነው። በጽሕፈት ቤቷ በር ላይ አንድ አረጋዊ ገበሬ ከ4 ምስክሮች ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኑዛዜ ሊያጽፉ መጥተዋል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ስለሚያዝዝ፥ ጸሐፊዋ የጻፈችውን ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብላ ታነብባለች። «ቤቱን ለልጁ» ብላ ባነበበች ጊዜ ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው፥ «የማንን ቤት ነው፥ ልጄ? እኔ የሰው ቤት አላወርስም!» አሏት። ደንግጣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ ፊደሉን ዐይኗን አጥብባ ብትመረምረው ቀለበት ይሁን ጎን ላይ ያለ ምልክት ይሁን ልትለየው አልቻለችም። ወረቀት ላይ ሲታተም «ቤቴን ለልጄ» ሆኖ ወጣ፤ የጻፈችው ትክክል፥ ያነበበችው ስሕተት ነበር።

«ጋሼ፥ ዐይኔ ጠፋ መሰለኝ» አለችኝ፤ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

«የጠፋው ዐይንሽ አይደለም፥ እኅቴ፤ እስቲ ወንበሩን ልቀቂልኝ» አልኋት።

በመጀመሪያ ሪዞሉሽኑን ወደ ስክሪኑ ተፈጥሮ ወደ 1920 በ1080 መለስሁት፤ ልኩንም ወደ 150 በመቶ አወጣሁት። ሌላው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠራ፤ አሮጌው ፕሮግራም ብቻ በብዥታው ቀረ። ፕሮግራሙን ዘግቼ በምልክቱ ላይ ራይት ክሊክ አደረግሁ፤ ፕሮፐርቲስ ከሚለው ገብቼ፥ ኮምፓቲቢሊቲ በሚለው ገጽ ግርጌ የከፍተኛ ዲፒአይ፥ ማለትም የኢንች ነጥብ ብዛት፥ ማስተካከያውን ከፈትሁ፤ በዚያም ልኩን ማን ይወስን ለሚለው ጥያቄ ሦስት መልሶች ተደርድረዋል፤ ፕሮግራሙ ራሱ፥ ሲስተሙ፥ የተሻሻለው ሲስተም። አስቀድሜ የመጀመሪያውን ሞከርሁ፤ ፊደሉ ጠራ፥ ነገር ግን ምናሌውና ቁልፉ ሁሉ የጉንዳን ያህል ሆነ። ሁለተኛውን መሞከር አላስፈለገኝም፤ እስካሁን የነበረው ብዥታ እርሱ ነውና። ሦስተኛውን መርጬ ፕሮግራሙን ዳግመኛ ስከፍተው፥ ከላይ የተደረደሩት ትንንሽ ሥዕሎች እንደ ደበዘዙ ቀሩ፤ ከበታቻቸው ያለው ጽሑፍ ግን ከወረቀት ላይ የታተመ ያህል ጠርቶ ቆመ። የ«ቴ» ቀለበት ክብ ሆኖ፥ በውስጡም ነጭ ቦታ ይዞ ታየ። ጸሐፊዋ ጣቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ቀለበቱን ነካችው።

ከዚያም አንድ ሥራ ቀረን። አሮጌው ፕሮግራም በዚህ ዘዴ ጥቂት ዘመን ይቆይ እንጂ ለዘላለም እንደማይኖር ነግሬያት፥ አዲስ የሚጻፈውን ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዩኒኮድ እንድትጽፍ፥ የቀድሞውንም ፋይል ደንበኛ በጠየቃት ቍጥር እያወጣች እንድታሻግር ተስማማን። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በአቅራቢያው ታላቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆ በለሚ የጽሕፈት ሥራ በበዛ ጊዜ ጠይቄያት ነበር፤ ከአሮጌው ፋይል ሲሶ ያህሉን እንዳሻገረች ነገረችኝ።

በዚያ የክረምት ቀን ግን ምስክሮቹ ቸኩለው ነበር፤ ዝናቡ ከሸለቆው እየወጣ ነበርና። ጸሐፊዋ መነጽሯን በጠረጴዛው ላይ ትታ ኑዛዜውን ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበች። «ቤቴን ለልጄ» ከሚለው ስትደርስ ሽማግሌው፥ «እርሱን ድገሚልኝ» አሉ፤ ደገመችላቸው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ሰደዱ።